አዳማ ላይ የሚሸጡ የአይኤስኦ 9001 የማማከር አገልግሎቶች፦ ባለቤቱን ወደ ሥራው የሚያስገባው የትኛው ነው?

በአዳማና በዙሪያዋ ያሉ የዱቄት፣ የፓስታ፣ የዘይት፣ የብረታ ብረትና የልብስ ፋብሪካዎች «በዓለም አቀፉ ደረጃ በአይኤስኦ 9001 መሠረት የጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት እንዘርጋ» ብለው ሲነሱ የሚቀርብላቸው የማማከር አገልግሎት ባብዛኛው ከአራት ዓይነት አይዘልም። አንዱ ለኃላፊዎች የሚሰጥ የግማሽ ቀን ግንዛቤ ማስጨበጫ ነው። ሌላው ፋብሪካው ከደረጃው አንጻር ምን እንደሚጎድለው የሚያጣራ የክፍተት ዳሰሳ ነው። ተሠርቶ ያለቀ የሰነድ ጥቅልም ይሸጣል። ከዳሰሳ እስከ ሰርተፍኬት የሚዘልቅ ሙሉ ውልም አለ። እዚህ የምንገመግመው አገልግሎቶቹን እንጂ ድርጅቶቹን አይደለም። መለኪያችንም አንድ ነው፤ ቼኩን የሚፈርመው ሰው በመጨረሻ ሥራውን «የኔ ነው» ይለዋል ወይ?

ይህን የመረጥነው የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚቆም ነው። የጥራት ክፍል ኃላፊው የቱንም ያህል ቢለፋ፣ ሚዛን ማስጠገን፣ ኦፕሬተር ማሠልጠን፣ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ መለወጥ፣ የተበላሸ ምርት ከመጋዘን እንዳይወጣ ማገድ ሁሉም የበላይ ኃላፊ ውሳኔ ይፈልጋሉ። ውሳኔው ከሌለ የሚቀረው ፋይል ብቻ ነው፤ ኦዲት ሲቃረብ በአንድ ሌሊት የሚሞላ፣ ኦዲተሩ ሲሄድ ደግሞ መደርደሪያ ላይ የሚረሳ ፋይል።

አማካሪው ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ «እዚህ ቤት የበላይ አመራር የሚባለው ማነው?» የሚለው ነው። ብዙዎቹ ይዘሉታል። የደረጃውን ቃላት የሚተረጉመው አይኤስኦ 9000 የበላይ አመራር የሚለው ድርጅቱን በከፍተኛው ደረጃ የሚመራውንና የሚቆጣጠረውን ሰው ወይም የሰዎች ቡድን ነው። በቤተሰብ በተያዘ ፋብሪካ ይህ በወረቀት ላይና በተግባር ሊለያይ ይችላል። ሥራ አስኪያጁ አዳማ ተቀምጦ ይሠራል፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ በፍጥነት መንገዱ በሳምንት አንዴ ብቅ ይላል፤ ግዢውን ወንድሙ ይዞታል፤ ሒሳቡን እህቱ ይዛዋለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአደረጃጀት ሰንጠረዥ ግን ሥራ አስኪያጁን ከላይ ያስቀምጣል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ማንንም ሳይጠይቅ እስከ ስንት ብር መፈረም ይችላል? በዚያ ገንዘብ አንድ ሚዛን ከነካሊብሬሽኑ (በትክክል መመዘኑን ከማስረጋገጡ ጋር) መግዛት ካልቻለ፣ ለዚህ ሥራ የበላይ አመራሩ ባለቤቱ ነው፤ ወንድሙና እህቱም ከውሳኔው ውጭ አይደሉም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ አማካሪ የተሳሳተ ሰው ሲያሳምን ይከርማል። ሥራ አስኪያጁ ከልቡ ይስማማል፣ ይፈርማል፣ የመጀመሪያው የግዢ ጥያቄ ግን አዲስ አበባ ሄዶ ይቀራል።

ከአራቱ በጣም ደካማ ሆኖ ያገኘነው የግማሽ ቀኑ ግንዛቤ ማስጨበጫ ነው። አካሄዱ ያው ነው። የሆቴል አዳራሽ ይከራያል፣ የክፍል ኃላፊዎች ይጠራሉ፣ ባለቤቱ የመክፈቻ ንግግር አድርጎ ስልክ ሲጠራው ይወጣል። ስላይዱ አይኤስኦ 9001 መጀመሪያ በ1987 እ.ኤ.አ. እንደወጣ፣ በ1994፣ በ2000፣ በ2008 እና በ2015 እንደተሻሻለ፣ ሰባት መርሆዎች እንዳሉት ይዘረዝራል። ሁሉም እውነት ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው ሲገባ ምን አድርግ እንደተባለ አንድም ሰው ሊነግራችሁ አይችልም። ሻይ ተጠጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ የተሳትፎ ወረቀት ተሰጥቶ ይበተናል።

እዚያ ውስጥ የሚጠፋው ቁም ነገር በደረጃው አንቀጽ 5 ላይ ያለው ነው። የ2015ቱ እትም በ5.1.1 ሥር ለበላይ አመራሩ አሥር ግዴታዎች ይዘረዝራል። ከአሥሩ አራቱ በሌላ ሰው እጅ ተሠርተው አመራሩ መሠራታቸውን ማረጋገጥ ብቻ የሚበቃቸው ናቸው፤ ፖሊሲና ዓላማዎች መውጣታቸው፣ ሥርዓቱ ከዕለት ሥራው ጋር መዋሃዱ፣ የሚያስፈልገው ሀብት መገኘቱ፣ ሥርዓቱ የታሰበውን ውጤት ማምጣቱ። ስድስቱ ግን ከራሱ የሚጠበቁ ናቸው። ለሥርዓቱ ውጤታማነት ተጠያቂው እሱ ነው። የጥራትን አስፈላጊነት መናገር፣ ሠራተኛውን ማሳተፍና መደገፍ፣ የሂደትና የስጋት አስተሳሰብን ማራመድ፣ መሻሻልን መግፋት፣ ከሥሩ ያሉ ኃላፊዎችን ማገዝ እነዚህም የእሱ ናቸው። የ2008ቱ እትም «የአመራር ተወካይ» የሚባል ቦታ ስለነበረው ባለቤቱ ሁሉን ነገር ለጥራት ኃላፊው አስረክቦ መሄድ የሚችል ይመስል ነበር። የ2015ቱ ያንን ግዴታ አስቀርቶታል። ተወካይ መሾም አይከለከልም፤ ተጠያቂነቱ ግን ከባለቤቱ አይወርድም። እስካሁን «ተወካይ ሹሙና እናንተ አርፋችሁ ተቀመጡ» የሚል አማካሪ ካጋጠማችሁ በአሮጌው እትም ላይ የቀረ ነው።

ግንዛቤ ማስጨበጫውን የግድ መግዛት ካለባችሁ እንዲህ አድርጋችሁ አሠሩት። ከ90 ደቂቃ አይብለጥ። ቦታው ፋብሪካው ውስጥ ይሁን። ባለቤቱ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ የፋይናንስ፣ የግዢና የምርት ኃላፊዎች ብቻ ይገኙ። ቋንቋው ባለቤቱ ገንዘብ የሚደራደርበት ቋንቋ ይሁን፤ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ። የደረጃው ታሪክ ይቅር። ጠረጴዛው ላይ በዚያ ወር ከደንበኛ የተመለሱ ሦስት ዕቃዎች ይቀመጡ፤ ያልተዘጋ ጆንያ፣ የተሰባበረ ፓስታ፣ ስፌቱ የተዛነፈ ሸሚዝ፣ ምንም ይሁን። ጊዜውንም መርጣችሁ ያዙ። የበጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ጥሩ ነው፤ የተጠየቀው ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ይገባል። ሰኔ ላይ የሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ ማንም ጆሮ አይሰጣችሁም።

ገንዘባችሁን አውጡበት የምንለው የክፍተት ዳሰሳውን ነው፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። የተለመደው የክፍተት ዳሰሳ ከአንቀጽ 4 እስከ 10 ያሉትን ግዴታዎች በሰንጠረዥ ዘርዝሮ «አለ»፣ «በከፊል አለ»፣ «የለም» ብሎ ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ «ዝግጁነታችሁ 38 በመቶ ነው» የሚል ቁጥር ያስቀምጣል። ባለቤቱን እንዲህ ያለ መቶኛ አያንቀሳቅሰውም፤ እውነት ለመናገር የሚያንቀሳቅስበት ምክንያትም የለም። ቅድመ ሁኔታችን አማካሪው ከዳሰሳው ጋር ቢያንስ ሁለት ክፍተቶችን በብር አስልቶ እንዲያቀርብ፣ ስሌቱንም የፋብሪካው የፋይናንስ ኃላፊ አይቶ እንዲፈርምበት ነው። ፊርማው ወሳኝ ነው። አማካሪ ያመጣውን ቁጥር ባለቤቱ «ሥራ ፈልጎ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ የራሱ ሒሳብ ሹም የፈረመበትን ግን አያልፈውም።

ጥሩ ዳሰሳ ምን እንደሚመስል በዱቄት ፋብሪካ እናሳይ። የጆንያ መሙያው ላይ የቆመው ኦፕሬተር ደንበኛ «ጎደለ» ብሎ እንዳይመልስበት ስለሚፈራ እጁን ጨመር ያደርጋል። ሚዛኑ ላይ የተለጠፈው የካሊብሬሽን ወረቀት ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። የዳሰሳ ባለሙያው ከአንድ ሺፍት በየተወሰነ ሰዓቱ እያወጣ 30 ጆንያ ይወስዳል፤ ሁሉንም ከምርት መስመሩ ይውሰድ እንጂ መጋዘን ውስጥ ከቆየው አይውሰድ፣ ዱቄት ሲቆይ እርጥበቱ ስለሚለዋወጥ ክብደቱም ይለወጣል። አሥር ባዶ ጆንያ አንድ ላይ መዝኖ ለአሥር ያካፍላል፤ ከእያንዳንዱ ላይ ያንን ይቀንሳል። 30ውን በተረጋገጠ ሚዛን አንድ በአንድ ይመዝናል። ጆንያው 50 ኪሎ ተብሎ የሚሸጥ ሆኖ አማካዩ 50.28 ኪሎ ወጣ እንበል። ፋብሪካው በቀን 2,400 ጆንያ ቢሞላ፣ በቀን 672 ኪሎ ዱቄት ሳይከፈልበት ይወጣል፤ ወደ 13 ጆንያ ተኩል መሆኑ ነው። በወር 26 የሥራ ቀን ቢኖር 349 ጆንያ ይሆናል። ያንን በዕለቱ የፋብሪካ ዋጋ ማባዛት የፋይናንስ ኃላፊው ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ ልምድ የሌለው አማካሪ ስህተት ይሠራል። «349 ጆንያ ትቆጥባላችሁ» ብሎ ይጽፋል። አይቆጠብም። ሚዛኑ ልክ 50.00 ላይ ቢስተካከል ግማሽ ያህሉ ጆንያ ጎደሎ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከደንበኛም ከተቆጣጣሪም ጋር ያጣላል። ትክክለኛው መንገድ የ30ውን ጆንያ መዋዠቅ ማስላት ነው። ከአማካዩ የሚዋዥቀው በ50 ግራም ያህል ከሆነ፣ ማነጣጠሪያው ሁለት እጥፉን ጨምሮ 50.10 ላይ ይቀመጣል። የሚድነው 180 ግራም በጆንያ ነው፤ በቀን 432 ኪሎ፣ በወር 224 ጆንያ ገደማ። ቁጥሩ ያንሳል፤ ነገር ግን ከሦስት ወር በኋላ ተመዝኖ ሲታይ እውነት ሆኖ ይገኛል። ባለቤት አንዴ የተጋነነ ቁጥር ከሰማና ካልደረሰ ሁለተኛ አያምናችሁም፤ ስለዚህ ዝቅ አድርጎ ማስላት ይሻላል።

ለልብስ ፋብሪካ ስሌቱ ሌላ ቦታ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ላለ አምራች ትልቁ ኪሳራ በስፌት መስመር ላይ የሚጠገነው ቁራጭ አይደለም። ጥገናው አንድ ትዕዛዝ ያዘገያል፤ ትዕዛዙ በጂቡቲ በኩል የሚሄደውን መርከብ ያጣል፤ ውሉ መዘግየትን በአምራቹ ላይ ከጣለ ዕቃው በአውሮፕላን በአምራቹ ወጪ ይሄዳል። ስለዚህ ዳሰሳው ያለፈውን ዓመት በአውሮፕላን የተላኩ ትዕዛዞች አውጥቶ፣ ከመካከላቸው በጥራት ችግር የዘገዩት የትኞቹ እንደሆኑ መለየት አለበት። መረጃው ፋይናንስ ክፍል ውስጥ የጭነት ደረሰኝ ሆኖ ተቀምጧል፤ ማንም ከጥራት ጋር አያይዞት አያውቅም እንጂ። ለብረታ ብረት ፋብሪካ ደግሞ ቁርጥራጩና እንደገና የሚቀልጠው ብረት ይቆጠር፤ እንደገና ለማቅለጥ የወጣው መብራት መጨመሩ እንዳይረሳ።

የጥራት ወጪ አራት ክፍል አለው፤ ለመከላከል የሚወጣ፣ ለምርመራ የሚወጣ፣ ከበር ሳይወጣ የተገኘ ብልሽትና ደንበኛ ጋር ደርሶ የተገኘ ብልሽት። በመጀመሪያው ዳሰሳ አራቱንም ለማስላት የሚሞክር አማካሪ ሁለት ወር ይፈጃል፤ ባለቤቱም ይሰለቻል። ሦስተኛውና አራተኛው ይበቃሉ፤ ከእነሱም ትልልቆቹ ሁለቱ ብቻ።

ስሌቱ ካለቀ በኋላ ለባለቤቱ የሚቀርበው ሪፖርት ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የ40 ገጹ ዳሰሳ ለጥራት ክፍሉ ይቅር። ጥሩ አማካሪ ገጹን ራሱ ሳይሆን የፋብሪካው የጥራት ኃላፊ እንዲያቀርበው ያደርጋል፤ አማካሪው ነገ ይሄዳልና። አቀራረቡ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

«ጋሼ፣ ይህን አንዴ ይዩልኝ። በየጆንያው በአማካይ 280 ግራም ትርፍ እየሞላን ነው፤ ስሌቱን የፋይናንስ ኃላፊዋ አይተው ፈርመውበታል። ከእርስዎ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመሙያው ሚዛን በዚህ ወር ካሊብሬት እንዲደረግ ይፍቀዱልኝ። ሁለተኛ፣ ከልኩ ውጭ የሆነ ምርት ሲገኝ የሺፍት ኃላፊው መስመሩን ማቆም እንደሚችል በእርስዎ ፊርማ ደብዳቤ ይውጣ። ሦስተኛ፣ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ 45 ደቂቃ ይስጡኝ። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው መንገድ ሌላ 30 ጆንያ መዝነን ውጤቱን እናሳይዎታለን።»

ጥያቄው «ድጋፍዎን ይስጡን» የሚል ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ «እደግፋለሁ፣ በርቱ» ብሎ ይሸኛል። ተቆጥሮ የተሰጠው ሥራ ግን እሺ ወይም እምቢ የሚባል ነው። ከሦስቱ በጣም ከባዱ ሁለተኛው ነው፤ መስመር የማቆም ሥልጣን። የምርት ኃላፊው በቶን ስለሚለካ ይቃወማል። ባለቤቱ ደብዳቤውን ከፈረመ በኋላ የመጀመሪያው መቆም ሲመጣ ምን እንደሚል ፋብሪካው በሙሉ ያዳምጣል። «ማን አቁም አለህ?» ብሎ ከጮኸ ደብዳቤው ሞቷል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያቆምም። አማካሪው ይህን ቀድሞ ለባለቤቱ መንገር አለበት፤ ደብዳቤው ሲፈረም ለብቻው፣ በግልጽ፣ «የመጀመሪያው ቀን ሲመጣ ቢከብድዎትም አመስግኑት» ብሎ። ይህን ምክር የሚሰጥ አማካሪ ዋጋው ቢወደድም ይገባዋል።

ስለ ሰነድ ጥቅሉ ብዙ የምንለው የለም፤ አትግዙት። የ2015ቱ እትም የጥራት ማኑዋል ግዴታ አላደረገም፤ የሰነድ መጠኑንም እንደ ድርጅቱ ስፋትና እንደ ሥራው ውስብስብነት ይተወዋል። ተገዝቶ የመጣ ጥቅል ግን የንድፍ ሥራ የሌለውን ፋብሪካ የንድፍ ፕሮሲጀር ያሸክመዋል፤ ግርጌው ላይ የሌላ ድርጅት ስም ሳይሰረዝ የቀረበት ገጽም አይጠፋም። ከሁሉ የሚከፋው ባለቤቱ በአንድ ከሰዓት ብዙ ሰነድ ሳያነብ እንዲፈርም መደረጉ ነው። ያኔ ስለ ሥርዓቱ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ የፊርማ ጉዳይ ነው።

ሙሉ ውሉ ላይ ብይናችን «እንደ ውሉ ነው» የሚል ነው፤ ብዙ ፋብሪካ ያለ ውጭ እገዛ ስለማይዘልቀው መግዛቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ጥቂት ነገሮችን አጣሩ።

አማካሪውና ሰርተፍኬት ሰጪው አንድ ቤት መሆን አይችሉም። አይኤስኦ 17021-1 ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት የማማከር አገልግሎት እንዳይሰጥ ይከለክላል። «እኛ የምናውቀው ቤት አለ፣ ቶሎ ይሰጣችኋል» የሚል አማካሪ ራሱን አጋልጧል። አይኤስኦ ራሱ ለማንም ሰርተፍኬት አይሰጥም፤ የሚሰጠው ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ነው፣ እሱም እውቅናውን ሰርተፍኬት ሰጪዎችን ከሚመዝን የአክሪዲቴሽን ተቋም ያገኘ መሆን አለበት። አገር ውስጥ የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ይህን አገልግሎት ይሰጣል፤ የውጭ ድርጅቶችም አሉ። ለውጭ ገበያ የምትሸጡ ከሆነ ገዢያችሁ የየትኛውን አክሪዲቴሽን ምልክት እንደሚቀበል በጽሑፍ ጠይቁት፤ ሰርተፍኬቱን አይኤኤፍ ሰርትሰርች በሚባለው ዓለም አቀፍ የሰርተፍኬት መዝገብ ላይ ማረጋገጥ እንደሚፈልግም ጠይቁ።

የኦዲት ቀኑን ቁጠሩ። የዓለም አቀፉ የአክሪዲቴሽን ፎረም (አይኤኤፍ) በሰነዱ ኤምዲ 5 ለመጀመሪያው ሰርተፍኬት ኦዲት መነሻ የሚሆን የቀን ሰንጠረዥ አውጥቷል። ከ86 እስከ 125 ሠራተኛ ላለው 7 የኦዲት ቀን፣ ከ126 እስከ 175 ላለው 8፣ ከ176 እስከ 275 ላለው 9። ቅናሽ ይቻላል፤ ከ30 በመቶ ግን አያልፍም። ስለዚህ 200 ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ «በሁለት ቀን ኦዲት ተደርጎ ያልቃል» ከተባለ ርካሽ ሰርተፍኬት እየተሸጠለት ነው፤ ለባለቤቱም ቀኖቹን ከሰንጠረዡ ጋር አስተያይቶ ማሳየት ክርክሩን ያሳጥረዋል። ሰርተፍኬቱ የሚቆየው 3 ዓመት ነው፤ በመካከል በየዓመቱ የክትትል ኦዲት አለ፣ ጊዜውም የመጀመሪያውን ኦዲት ሲሶ ያህል ነው። ይህ ወጪ ከመጀመሪያው ቀን ለባለቤቱ ይነገር። ሳይነገረው ቆይቶ በሁለተኛው ዓመት ደረሰኝ ሲመጣለት የተታለለ ይመስለዋል፤ የተገነባው መተማመንም እዚያው ይናዳል።

ባለቤቱ ለኦዲተሩ መልስ ሲሰጥ አማካሪው አጠገቡ ተቀምጦ የሚመልስለት ከሆነ ውሉ ከሽፏል ማለት ነው። ኦዲተር ለበላይ አመራሩ የሚያቀርበው ጥያቄ የደረጃውን አንቀጽ የሚያስጠና አይደለም። «ዘንድሮ ለጥራት ያስቀመጣችሁት ዓላማ ምን ነበር? የት ደረሰ? ካልደረሰ ምን ወሰናችሁ? ትልቁ ስጋታችሁ ምንድነው? ባለፈው ስብሰባ የተወሰነው ሚዛን ተገዛ?» ዓይነት ነው። በየወሩ 45 ደቂቃ የተቀመጠ ባለቤት ይህን ከማንም በተሻለ ይመልሳል። ያልተቀመጠው በአንድ ምሽት ተጠንቶ የሚያልፈው አይደለም።

ወርሃዊው ስብሰባ ለዚህ ነው ዋጋ ያለው። አንቀጽ 9.3 የአመራር ግምገማ በታቀደ ጊዜ እንዲካሄድ ይጠይቃል፤ በዓመት አንዴ አድርጎ መገላገል የተለመደ ነው። በዓመት አንዴ የሚደረገው ግን ረጅም ይሆናል፣ ባለቤቱ በመካከል ስልክ ያነሳል፣ ቃለ ጉባኤው በአማካሪው ይጻፋል። ከዚያ ይልቅ የግምገማውን ግብዓቶች በወራት ከፋፍላችሁ አዳርሱ። የደንበኛ ቅሬታ፣ የብልሽትና የእርምት እርምጃ ሁኔታ፣ ያለፈው ውሳኔ አፈጻጸም በየወሩ ይታዩ። የአቅራቢዎች ብቃትና የዓላማዎች አፈጻጸም በየሦስት ወሩ ይምጡ። የውስጥ ኦዲት ውጤት ኦዲቱ እንዳለቀ ይቅረብ፤ የሀብት ፍላጎት በጀት ከመያዙ በፊት። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በማሻሻያው የተጨመረው የአየር ንብረት ለውጥ ጥያቄ፣ ማለትም ለድርጅቱ አግባብነት ያለው ጉዳይ መሆን አለመሆኑን መወሰን፣ በዓመት አንዴ ይበቃዋል፤ ለስንዴ ፈጪ ፋብሪካ መልሱ ቀላል ነው፣ ድርቅ ሲመጣ ስንዴው ይጠፋል። ውሳኔው ሁሉ ሦስት ነገር ይያዝ፤ ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ። አማካሪው ቃለ ጉባኤ እንዲጽፍላችሁ አትፍቀዱ።

ፋብሪካችሁ ካይዘን የተባለውን ከጃፓን የመጣ የማሻሻያ ዘዴ የተገበረ ከሆነ አማካሪው ያንን ይጠቀምበት እንደሆነ ተመልከቱ። አምስቱ ማዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ ከታች ያለውን ሥራ ይዘውታል፤ የካይዘን ልማት ቡድኖችም ለእርምት እርምጃ የተዘጋጁ ሰዎች ናቸው። አዲስ ኮሚቴ አቋቁሞ እነዚህን ቡድኖች ገሸሽ የሚያደርግ አማካሪ ሠራተኛውን «የፊተኛው ከንቱ ነበር ማለት ነው» ያስብለዋል። ካይዘን ግን የአመራር ግምገማን አይተካም፤ ቡድኑ የሚፈታው ችግር አለ፣ የባለቤት ፊርማ ብቻ የሚፈታውም አለ።

የጥራት ፖሊሲው በር ላይ በእንግሊዝኛ ብቻ ተለጥፎ ካገኛችሁ አማካሪው 5.2.2ን በወረቀት ብቻ አሟልቷል። ፖሊሲው ለሠራተኛው ተነግሮ መረዳት አለበት፤ አዳማ ላይ ይህ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ማለት ነው። ኦዲተሩ ቆሞ የሚጠይቀው የማሸጊያውን ሠራተኛ ነው። ባለቤቱ ራሱ በሺፍት መለዋወጫ ላይ አምስት ደቂቃ ቆሞ ቢናገረው ከየትኛውም ባነር ይበልጣል፤ ከላይ ከጠቀስናቸው ስድስት ግዴታዎችም አንዱን በዚያው ይወጣል።

ክፍያው ላይ ደግሞ የተለመደው «የመጨረሻው ክፍያ ሰርተፍኬት ሲመጣ» የሚል ውል ነው። ይህ አማካሪውን ወደ ቀላሉ ሰርተፍኬት ሰጪ ይገፋዋል። የመጨረሻውን ክፍያ በባለቤቱ ሰብሳቢነት በተካሄደ ሦስተኛ ወርሃዊ ግምገማና በተዘጉ የእርምት እርምጃዎች ላይ አስሩት፤ መለኪያውም የተስማማችሁበት አንድ ቁጥር ይሁን፣ ለምሳሌ የ30ው ጆንያ አማካይ። የመጀመሪያው ሰርተፍኬት ኦዲት ሁለት ደረጃ አለው፤ ከባድ ኖንኮንፎርሚቲ (ያልተሟላ የደረጃው ግዴታ) ቢገኝና እርምቱ በስድስት ወር ውስጥ ተረጋግጦ ካልተዘጋ ሁለተኛው ደረጃ ኦዲት እንደ አዲስ ይደገማል፤ ያ ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅም በውሉ ይጻፍ።

አንድ ተጨማሪ ቀንም ውሉ ውስጥ አስገቡ፤ ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር የሚውል። ሥራ አስኪያጅ በተለወጠ ቁጥር ወርሃዊው ማክሰኞ መጀመሪያ ይራዘማል፣ ቀጥሎ ይቀራል። አዲሱ ሰው በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለፉት ሦስት ቃለ ጉባኤዎች፣ ያልተዘጉ ውሳኔዎችና መስመር የማቆሚያው ደብዳቤ ቀርበውለት፣ ደብዳቤው በእሱ ስም ታድሶ ይፈረም።